በታችኛው መንገድ የጠፋው ግማሽ ሰዓት

ዲሬክተር ወንዳፈረው ከገደሉ ሥር ተንጋሎ ተገኘ። ግማሽ ፊቱ የለም። ቀኝ ዓይኑ በነበረበት ቦታ ደም የረጋበት ጉድጓድ ቀርቷል፤ ጥርሶቹ ሸሚዙ ላይ ተበትነዋል፤ የግራ እጁ ጣቶች፣ ጭንቅላቱን ሊከላከልባቸው ሞክሮ ይመስላል፣ ሁሉም ተሰባብረዋል። ከአርባ ክንድ ገደል የወደቀ ሰው ይሰባበራል፤ ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን ገደል ሰውን የሚመታው አንዴ ነው። ይህን ሰው መላልሶ የመታው አለ።

ነገሩ የሆነው በኅዳር ወር 1961 ዓ.ም.፣ በአንድ ቅዳሜ፣ ከዶዮገና ማዶ ባለችው ጎዶራ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። እሁድ ከሰዓት በኋላ መቶ አለቃ ተረፈ ላምቦሬ ከሆሳዕና በላንድሮቨር ደረሰ። ተረፈ አጭርና ቀጭን፣ ሲናገር የማይቸኩል፣ ሲያዳምጥ ደግሞ ሰው የሚያናድድ መርማሪ ነበር። አባቱ የሐዲያ ሰው፣ እናቱ የአንጋጫ ከምባታ ስለሆኑ በሦስት ቋንቋ ዝም ማለት ያውቃል ይሉታል፤ እውነታቸውን ነው።

«ነገሩ አልቋል፣ ጌታዬ» አለ የጣቢያው ሃምሳ አለቃ አበራ፣ ደረቱን ነፍቶ። «ገዳዩ መንገድ መሪው ማቴዎስ ነው። አምኗል፤ በጣቱም ፈርሟል። ማክሰኞ ወደ ሆሳዕና ይዘውት መሄድ ብቻ ነው የቀረዎት። ከዚያ በኋላማ ገመዱን ያየዋል።»

«ካለቀ እኔን ምን አስጠራኝ?»

«ሬሳውን መኮንን ይየው ተባለ።»

«እንግዲያው ልየው።»

ሬሳው በትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል፣ በተገጣጠሙ ዴስኮች ላይ ተጋድሟል። ተረፈ ኮቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ የተፈረከሰውን ጭንቅላት ያለ መጸየፍ አገላበጠው። ከቆዳው ውስጥ በወረንጦ አንድ ቀጭን ቢጫ ስንጣሪ መዘዘ። ቀጥሎ ሁለተኛ። ቀጥሎ ሦስተኛ።

«ማቴዎስ በምን ገደለው ነው ያላችሁት?»

«በገጀራው።»

«ገጀራ ይቆርጣል፣ አበራ። እስቲ እዚህ ፊት ላይ አንድ የተቆረጠ ነገር አሳየኝ።»

አበራ አጎንብሶ ተመለከተ። አንድም የተቆረጠ ቦታ አላገኘም።

ሟቹ በእግር መንገድ ፍቅር ያበደ ሰው ነበር። ሰባት ዓመት የጎዶራን ትምህርት ቤት በዲሬክተርነት ሲያስተዳድር ቅዳሜ ቅዳሜ ጫማውን ጠበቅ አድርጎ ተራራ ለተራራ ይዞራል። ሰው መኪና ሲያጣ ነው በእግሩ የሚሄደው፣ ይሄ ምን ቆርጦት ነው እያለ ከተማው ይስቅበታል። እሱ ግን ከከተማዋ በአንድ ሰዓት ተኩል ወደ ፏፏቴው የሚያደርሱ ሁለት መንገዶች ጠርጎ፣ ዳርና ዳራቸውን በኖራ በተቀቡ ድንጋዮች አሰመረ። ላይኛው መንገድ በገደሉ አፋፍ ያልፋል፤ መሃሉ ላይ አገሩን ሁሉ የሚያሳይ ወጣ ያለ አለት አለ፣ መመልከቻው ይሉታል። ታችኛው መንገድ በገደሉ ሥር፣ በመንደሩና በእንሰቱ መካከል ይሄዳል። ሁለቱ ፏፏቴው አጠገብ ይገናኛሉ። በሚቀጥለው እሁድ ከበላይ እንግዶች መጥተው ሊመርቁት ነበር።

በመንገዶቹ ሰሌዳ ላይ የሚጻፈውን የጉዞ ሰዓት ለመለካት ሲሉ ቅዳሜ ተከፋፈሉ። አስተማሪው ጴጥሮስ በጋሪ መንገዱ ቀድሞ ሄዶ ፏፏቴው ጋ ሰዓት ይዞ ይጠብቃል። ወንዳፈረው በላይኛው፣ አቤቱታ ጸሐፊው ገብረወልድ በታችኛው ይሄዳሉ። ማቴዎስ ምሳውን ተሸክሞ ከገብረወልድ ኋላ በዚያው በታችኛው ይከተላል። ሦስቱ ልክ በሦስት ሰዓት ተነሡ። ገብረወልድ በአራት ሰዓት ተኩል ደረሰ። ማቴዎስ አምስት ሰዓት ሲሆን፣ ልብሱ ተቦጫጭቆና ላብ አጥምቆት መጣ። ወንዳፈረው ቀረ።

ፍለጋ ሲወጡ ወደ ገደሉ ሥር ቀድሞ የወረደው ማቴዎስ ነው። ሬሳውን አቅፎ፣ ደም በደም ሆኖ፣ «እኔ ነኝ የገደልኩት! እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። ጴጥሮስም ገብረወልድም ሰሙት።

በአንድ መንገድ፣ በአንድ ሰዓት ከተነሡት ሁለት ሰዎች አንዱ ግማሽ ሰዓት ዘገየ፤ በዚያች ግማሽ ሰዓት ሰው ተገደለ፤ የዘገየውም አመነ። የአበራ ስሌት ይህ ነበር። ከላይ ሲያዩት ምን ይወጣለታል?

በጣቢያው ደጃፍ የማቴዎስ ሚስት ጵርስቅላ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ወሯ ገብቷል። ተረፈን ስታይ ተነሥታ እግሩ ላይ ወደቀች።

«ጌታዬ፣ ማቴዎስ ዶሮ እንኳ ሲያርድ ፊቱን ያዞራል። ልጄ አባቱን ሳያይ ሊወለድ ነው ወይ?»

«ተነሺ፣ እህቴ» አላት ተረፈ በከምባትኛ። «እስከ ማክሰኞ ጊዜ አለኝ።»

ውስጥ ማቴዎስ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ውስጥ እግሩ በጅራፍ ተተልትሎ አብጧል፤ አንድ ዓይኑ ተዘግቷል፤ ከቀኝ እጁ ሁለት ጥፍሮች የሉም። ተረፈ ይህን ሲያይ ደሙ ፈላ። ዞሮ የአበራን አንገትጌ ጨምድዶ ከበሩ ጋር አጣበቀው።

«አምኗል አላልክም?»

«አምኗል... ግን በምን እንደመታው አልናገርም ሲል...»

«ከእንግዲህ አንዲት ጥፊ ብታሳርፍበት ማዕረግህን ከትከሻህ እኔው እገነጥለዋለሁ። ሰማህ?»

«ሰምቻለሁ፣ ጌታዬ።»

ከዚያ ተረፈ እስረኛው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ግማሽ ሰዓት የት ነበርክ?»

«ዞርኩ» አለ ማቴዎስ።

«ለምን?»

«እኔ ነኝ የገደልኩት። ጻፉትና ይብቃ።» ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሰኞ ጠዋት ተረፈ የሟቹን ሚስት ወይንሸትን አነጋገራት። ለቅሶ ድምፅዋን ዘግቶታል።

«ጠላት ነበረው?»

«ወንዳፈረው? በመራመድ የሚጠላ ሰው ካለ እንግዲህ።»

«ከቦርሳው የጎደለ ነገር አለ?»

«ካርታው የለም። ለእንግዶቹ የሚሰጥ የመንገዱን ካርታ ሠርቶ ነበር። መንገዶቹን፣ ምንጮቹን፣ በሁለቱ መንገዶች መካከል ያሉትን ቤቶች። ሠላሳ ሁለቱንም ቤት አንድ በአንድ ካልሣልኩ ብሎ እራቱ እንኳ ይቀዘቅዝበት ነበር።»

«ሌላ ሰው አይቶታል?»

«አቶ ገብረወልድ ሐሙስ ቤታችን መጥቶ አይቷል። ባለቤቴን ለብቻው ይዞት ወጣ። ባለቤቴ ተመልሶ፣ ‹ይሄ ሰው ምን ነካው፣ ፊቱ አመድ መሰለ› አለኝ።»

አስተማሪው ጴጥሮስ ሳይጠየቅ ነው ወደ ጥፋቱ የሄደው።

«ከሟቹ ጋር ተጣልተን ነበር። ልደብቅ አልችልም፤ ምእመኑ ሁሉ ሰምቷል። ምረቃው እሁድ ይሁን አለ፣ እኔ እሁድ የጌታ ቀን ነው አልኩ። ተጯጯህን።»

«ለዚህ ሰው ይገደላል?»

«ለዚህ ይኮረፋል እንጂ አይገደልም። ሳልታረቀው ሞተ፤ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።» ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ተረፈ የጴጥሮስን የቀርቀሃ ምርኩዝ አንሥቶ አየው። ቢጫ ነው፤ እጅ ብዛት አለስልሶታል፤ ጫፉ አልተሰነጠቀም።

«ይህን ማን ሰጠህ?»

«ወንዳፈረው። ለሦስታችንም፣ ለራሱ፣ ለእኔና ለገብረወልድ፣ ከአንድ ግንድ ያስቆረጠው ነው። ሁለት ዓመት ጢስ ላይ ደርቋል። ማቴዎስ ሸክም ስላለበት ምርኩዝ አይዝም። የሟቹ ሬሳው አጠገብ ደህና ተገኝቷል።»

ገብረወልድ ጥቁር ካባ ደርቦ መጣ። ሃያ ዓመት በፍርድ ቤቱ ደጃፍ ከዋርካው ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ ለከሳሽም ለተከሳሽም አቤቱታ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። አማርኛው ሲወርድ ዳኛ ያስደነግጣል። ቀኝ እጁን ከካባው ሥር አላወጣም፤ በግራው ይዞት የመጣው ምርኩዝ ደግሞ አረንጓዴ ነበር።

«አሮጌው ምርኩዝዎ የት ደረሰ?»

«መንገድ ላይ ጠፋኝ። አዲስ አስቆረጥኩ።»

«ቅዳሜ በታችኛው መንገድ ማንን አገኙ?»

«ምስክር ፈልገው ከሆነማ ሞልቷል!» አለ ገብረወልድ ዘና ብሎ። «ከመንደሩ በላይ አምስት ሴቶች እንሰት ይፍቁ ነበር። አንደኛዋ ቀይ ሻሽ አስራለች። ሁለቱ ፊት ለፊት፣ ሦስቱ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በአጠገባቸው ሳልፍ እንደምን አደራችሁ አልኳቸው፤ እነሱም እግዚአብሔር ይመስገን አሉኝ።»

አበራ ጣልቃ ገባ። «እውነት ነው፣ ጌታዬ። እኔ ራሴ አጣርቻለሁ። ሴቶቹን ቅዳሜ ትፍቁ ነበር ወይ አልኳቸው፣ አዎ አሉ። አምስት ናችሁ ወይ አልኩ፣ አዎ። ቀይ ሻሽ አለ ወይ አልኩ፣ አዎ። ሁሉም ገጠመ።»

ተረፈ ወደ ገብረወልድ ዞረ።

«በአጠገባቸው አለፉ?»

«ይኸው ከእርስዎ እስከ እኔ ባለው ርቀት።»

«ሰላም አሏቸው?»

«ብዬዎታለሁ እኮ!»

«መልካም። ይህን ቃልዎን ይፈርሙልኝ።»

«እጄን ሪህ ይዞኛል። በግራ ጣቴ ላትም።»

በብዕሩ እንጀራውን የበላ ሰው በጣቱ ፈረመ።

ገብረወልድን ጣቢያው ውስጥ ይጠብቁ ብሎ፣ አበራን የገብረወልድን የጽሕፈት ሳጥን እንዲፈትሽ ላከው። ራሱ በታችኛው መንገድ ወደ እንሰቱ ሄደ። ሴቶቹ የሚፍቁበት ቦታ ከመንገዱ በአራት ክንድ አይርቅም፤ በቆመ የእንሰት ቅጠል ዙሪያውን ስለታጠረ ግን ከመንገድ ላይ ሆኖ ምንም አይታይም። የቀርቀሃው መፋቂያ እርር እርር ሲል ብቻ ይሰማል። ተረፈ ርቆ ቆመና ጉሮሮውን ጠረገ። ድምፁ ወዲያው ተቋረጠ፤ እትዬ እታለም የተባሉ ጠና ያሉ ሴት እጃቸውን እየጠረጉ ወጡ።

ተረፈ በከምባትኛ አንድ ጥያቄ ጠየቃቸው። እትዬ እታለም በሳቅ ወገባቸውን ያዙ። ቀጥሎ ሳቁ ጠፍቶ ፊታቸው ጠቆረ።

«ማን ነው እንዲህ ብሎ የዋሸብን?» አሉ።

በዘጠኝ ሰዓት ሁሉም መመልከቻው ላይ ተሰበሰቡ። ማቴዎስን እጆቹን በገመድ አስረው፣ ሁለት ሰዎች ደግፈው አወጡት፤ ጵርስቅላ እያለከለከች ተከተለችው። ወይንሸት ጥቁር ነጠላዋን ተከናንባ ከአለቱ ጥግ ቆመች። ጴጥሮስ፣ ገብረወልድ፣ እትዬ እታለም፣ ጠመንጃውን ያነገተው አበራም አሉ። በአለቱ ላይ የደም ፍንጣሪ እንደ ዝገት ደርቆ ይታያል።

«ወንዳፈረው የተገደለው እዚህ ነው» አለ ተረፈ። «የተመታውም በገጀራ አይደለም። ከጭንቅላቱ ያወጣሁት የደረቀ ቀርቀሃ ስንጣሪ ነው። ማቴዎስ ምርኩዝ የለውም። የሟቹና የጴጥሮስ ምርኩዞች ደህና ናቸው። ከሦስቱ ያልታየው አንድ ብቻ ነው።»

«ጠፋኝ አልኩ እኮ! ምርኩዝ የጠፋበት ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ነው?» አለ ገብረወልድ።

«አይደለም። ስለዚህ ወደ ግማሽ ሰዓቷ እንሂድ። አበራ፣ ማቴዎስ ለምን የዘገየ ይመስልሃል?»

«ሰው ሲገድል፣ ጌታዬ።»

«እትዬ እታለም፣ ሴቶች እንሰት ሲፍቁ ወንድ በዚያ ያልፋል?»

አሮጊቷ በተሰባበረ አማርኛ መለሱ። «ወንድ? ሞቶ ነው! ባሌም አይገባ፣ ልጄም አይገባ። ድምፅ ሲሰማ ይመለሳል፣ በሸለቆው ይዞራል።»

«በሸለቆው መዞር ስንት ይፈጃል?»

«እሾህ ነው። ግማሽ ሰዓት።»

ተረፈ የማቴዎስን የተቦጫጨቀ እጅጌ ያዘ። «ይህ የእሾህ ቡጭርጭር ነው። ማቴዎስ የአገሩ ልጅ ነው፤ የመፋቂያውን ድምፅ ሰማ፣ ዞረ፣ ዘገየ። እንግዲህ ጥያቄው ይገለበጣል። መዘግየት የነበረባቸው ሁለት ሰዎች ናቸው። አቶ ገብረወልድ ለምን አልዘገዩም?»

«እኔ የዚህ አገር ሰው አይደለሁም! ሥርዓቱን አላውቅም። ዝም ብዬ አለፍኩ።»

«ያን ጊዜ ሴቶቹ ምን ባደረጉ ነበር፣ እትዬ እታለም?»

«እንጮሃለን! በመፋቂያ ጭንቅላቱን እንለዋለን! መንደር ሁሉ ይሰማል። ቅዳሜ ወንድ አልመጣም፤ አንድም!»

«ሰላም ተባብለናል ብለው ፈረሙ» አለ ተረፈ ወደ ገብረወልድ እየተጠጋ። «ሃያ ዓመት ቆጮ በሉ፤ እንዴት እንደሚሠራ ግን አንድ ቀን አልጠየቁም። ሃምሳ አለቃውም አልጠየቀም፤ ሴቶቹን ስለ ሻሽ ቀለም ጠይቆ፣ ወንድ አልፎ እንደሆነ ሳይጠይቅ ተመለሰ።»

አበራ ወደ መሬት አየ።

«ያም ሆነ ይህ አይቻቸዋለሁ!» አለ ገብረወልድ። «አምስት ናቸው፣ ቀይ ሻሽ አለ። ካላለፍኩ በምን አወቅሁ?»

«እኔም የምፈልገው ይህችን ነው። ሴቶቹ የሚቀመጡት በቅጠል ታጥረው ነው፤ ከመንገዱ ሆኖ የሚያያቸው የለም። ወዲህ ይምጡ። ወደ ታች ይመልከቱ።»

ሁሉም ወደ አፋፉ ተጠጉ። ከእግራቸው ሥር፣ በአረንጓዴው አጥር መካከል፣ በእትዬ እታለም ቦታ ሌላ ተተክታ፣ ተረፈ ለምኗቸው የተቀመጡ አምስት ሴቶች ይታያሉ። ሁለቱ ፊት ለፊት፣ ሦስቱ ጎን ለጎን። ቀዩ ሻሽ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ከዚህ አለት በቀር ይህ የሚታይበት ቦታ የለም። ቅዳሜ ወደ ላይኛው መንገድ አቋርጠው ወጡ፤ እዚህ ቆመው ወንዳፈረውን ጠበቁ፤ ሲጠብቁም ሴቶቹን አዩ። በኋላ ምስክር ያስፈልገኛል ብለው ያዩትን ይዘው ሄዱ።»

ተረፈ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «ይህ ከጽሕፈት ሳጥንዎ የተገኘ ግልባጭ ነው። በሁለቱ መንገዶች መካከል ያለው ቦታ ሰው የማይኖርበት ጠፍ መሬት ስለሆነ ይሰጠኝ ብለው አመልክተዋል። ወንዳፈረው ደግሞ በዚያ ጠፍ መሬት ላይ ሠላሳ ሁለት ቤት ሣለ፤ ካርታውንም እሁድ ለእንግዶቹ ሊያድል ነበር። አሁን ቀኝ እጅዎን ያሳዩኝ። ሰው ላይ የሚሰነጠቅ ቀርቀሃ የያዘውንም እጅ ይቆርጣል።»

ገብረወልድ እጁን አላወጣም። አበራ ካባውን ሲገፈው ግን መዳፉን አቋርጦ የተሰነጠቀ፣ መግል የያዘ ቁስል ወጣ።

«ለመንኩት!» ብሎ ጮኸ ገብረወልድ። «ቤቶቹን ፋቅልኝ፣ መንገዱ ይበቃሃል አልኩት! ሃያ ዓመት ለሰው መሬት ስጽፍ ኖርኩ፣ ለራሴ የመቃብር ቦታ እንኳ የለኝም! ሰው የሚኖርበትን ቤት አልፍቅም አለኝ። ሳቀብኝ! ከዚያ...»

ቃሉን አልጨረሰም። የአበራን ጠመንጃ ከትከሻው ነጥቆ፣ አፈሙዙን በሁለት እጁ ይዞ፣ ሰደፉን ተረፈ ፊት ላይ አሳረፈ። አፍንጫው ቀጭ ሲል ሁሉም ሰሙ። መቶ አለቃው በጉልበቱ ወደቀ፤ ደሙ በአገጩ ወረደ። ገብረወልድ ሁለተኛ ሊደግም ሰደፉን ሲያነሣ ማቴዎስ በዚያ በተተለተለ እግሩ ተወርውሮ በጭንቅላቱ ሆዱን መታው። ተያይዘው ተንከባለሉ። የገብረወልድ እግሮች ከአፋፉ ወጥተው አየር ላይ ተንጠለጠሉ። ማቴዎስ የታሰሩ እጆቹን በአንገቱ አስገብቶ በገመዱ ያንቀው ጀመር። የገብረወልድ ምላስ ወጣ፤ ዓይኑ ተገለበጠ።

«ማቴዎስ! ልቀቀው!» አለ ተረፈ ደም እየተፋ። «ለልጅህ አባት አስቀርለት! ይህን ከገደልከው አላድንህም!»

ጵርስቅላ ስሙን ጠርታ ጮኸች። ማቴዎስ ገመዱን አላልቶ፣ ገብረወልድን በካባው ጎትቶ ከአፋፉ መለሰው። ጴጥሮስና አበራ ላዩ ላይ ወደቁበት፤ አበራ እጆቹን የፊጥኝ አሰረው።

ተረፈ ራሱ የማቴዎስን ገመድ ፈታ። ወይንሸት ቀረበች።

«ታዲያ አንተ ለምን አመንክ?» አለችው። «ሳይነኩህ እኔ ገደልኩት ያልከው ምን ሆነህ ነው?»

ማቴዎስ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«ጠራኝ፣ እትዬ። ታች ነበርኩ፣ ሴቶቹ ጋ ደርሼ። ‹ማቴዎስ! ማቴዎስ!› ብሎ ሁለቴ ጠራኝ። እነሱ እየፋቁ ይዘፍኑ ነበር፣ አልሰሙም። እኔ ሰማሁት። በእነሱ መካከል ብሮጥ አቋራጭ አለ፤ ፈጥኜ እደርስለት ነበር። ግን እየፋቁ ነው፤ ወንድ ነኝ። ዞርኩ። በእሾህ ውስጥ እየሮጥኩ ዞርኩ። ስወጣ ድምፁ የለም፤ መንገዱን ቀጥሏል ብዬ ወደ ፏፏቴው ሄድኩ።»

ወይንሸት በጥፊ መታችው። እጇ እንደገና ተነሣ፤ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ አንገቱ ላይ ተጠመጠመችና ሁለቱም እዚያው ደሙ ላይ ተቀምጠው ተንሰቀሰቁ።

እትዬ እታለም ነገሩ የገባቸው ዘግይቶ ነው። ሻሻቸውን ከራሳቸው አውርደው አፋቸው ላይ ያዙ።

«ልጄ፣ ሰው ለማዳን ለአንድ ቀን ብትገባብን ምን እንልህ ነበር?» አሉት በከምባትኛ።

ተረፈ ይህን ለወይንሸት አልተረጎመላትም።